በሕንድ አገር ከሂንዱ ጎረቤቶች ጋራ

ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ወላጆች ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፡ «ልጄ ሃይማኖታችን በማይታወቅበት፣ ልማዳችን በሌለበት አገር እንዴት ይኖር ይሆን?» የሚል ነው። ይልቁንም ልጁ የሚሄደው ወደ ሕንድ አገር የሆነ እንደ ሆነ ጥያቄው ይበረታል፤ ስለ ሂንዱዎች በየቤታችን የሚነገረው ላም እንደሚያከብሩ፣ ሬሳ እንደሚያቃጥሉና ብዙ አማልክት እንደሚያመልኩ ብቻ ነውና። ይህ ከእውነት የራቀ ባይሆንም አንድን ታላቅ ሕዝብ በሦስት ቃል ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፣ እኛ በወጣትነታችን ለትምህርት ሄደን ሁለት ዓመት በኖርንበት በማዱራይ ከተማ በዓይናችን ያየነውን፣ በጆሮአችንም የሰማነውን ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ባልነው መጠን እናቀርባለን። የሕንድን ታሪክ ስንጠቅስ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

ማዱራይ በደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በቫይጋይ ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ዕድሜዋ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነ ከተማ ናት። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ መሠረት ከሕንድ ሕዝብ ከመቶው 80 ያህሉ ሂንዱ ሲሆን፣ በታሚል ናዱ ደግሞ ከመቶው 88 የሚጠጋው የዚሁ ሃይማኖት ተከታይ ነው፤ ክርስቲያኖች ከመቶው 6 ያህል ናቸው። ስለዚህም ወደዚያ የሄደ ወጣት ከጧት እስከ ማታ የሚያየውና የሚሰማው ሁሉ የሂንዱዎች ኑሮ ነው። የሕዝቡ ቋንቋ ታሚል ይባላል። ፊደሉን ለመማር በተቀመጥን ጊዜ 18ቱ ተነባቢዎች ከ12ቱ አናባቢዎች ጋራ እየተዋሐዱ እንደ እኛው ግእዝና ካዕብ ቅርጻቸውን ሲለዋውጡ ብናይ በመጠኑ ተጽናናን፤ ጠቅላላው ውሑድ ፊደል 216 መሆኑን በሰማን ጊዜ ግን መጽናናታችን ብዙ አልቈየም። እናት «አማ»፣ አባትም «አፓ» እንደሚባሉ ካወቅን ወዲህ የተከራየንበትን ቤት እመቤት አማ እያልን እንጠራቸው ነበር፤ እርሳቸውም እንደ ልጆቻቸው ይመለከቱን ጀመር።

ማለዳ በደጃፍ ላይ

በዚያ ከተማ ቀኑ የሚጀምረው በደጃፍ ላይ ነው። ፀሐይ ከመውጣትዋ በፊት የየቤቱ እናት ወይም ልጃገረድ መጥረጊያዋን ይዛ ትወጣና ደጃፉን ትጠርጋለች፤ ውሃም ትረጫለች። በገጠር ውሃው እበት የተበጠበጠበት ነው፤ ይህም የአገራችን የገጠር እናቶች ወለሉን በእበት እንደሚለቀልቁት ያለ ነው። ከዚህ በኋላ የሩዝ ዱቄት በጣቶችዋ እየቈነጠረች በመሬቱ ላይ ነጠብጣብ ትደረድራለች፤ በነጠብጣቡም ዙሪያ መስመሩን እያዞረች ሐረግ የመሰለ ሥዕል ትሥላለች። ይህ ሥዕል «ኮላም» ይባላል። በብራና መጻሕፍታችን ራስጌ የሚሣለውን ሐረግ የሚያውቅ ሰው ኮላምን ሲያይ ፍጹም እንግድነት አይሰማውም። ነገር ግን የእኛ ሐረግ ለዘመናት እንዲቈይ የሚሣል ሲሆን የእነርሱ ግን በዚያው ቀን የሚጠፋ ነው፤ እግር ይረግጠዋል፣ ጉንዳንና ወፍም ይበላዋል፤ በማግሥቱም እንደ ገና ይሣላል። አማን፡ «ይህን ያህል ደክመውበት እስከ ማታ መጥፋቱ አያሳዝንዎትም?» ብለን ብንጠይቃቸው፡ «ልጆቼ፣ ጉንዳኑም እኮ ቍርሱን ይፈልጋል» ሲሉ መለሱልን። ሐዘን በገባበት ቤት ደጃፍ ላይ ኮላም አይሣልም፤ ስለዚህ መንገደኛው ባዶውን ደጃፍ በማየት ብቻ በዚያ ቤት ለቅሶ መኖሩን ያውቃል።

በየቤቱ ውስጥ ለጸሎት የተለየ ክፍል፣ ቦታ የጠበበው ደግሞ አንዲት መደርደሪያ አለው። በዚያ የቤቱ ሰዎች የሚያመልኳቸው የአማልክት ሥዕሎችና ምስሎች ይቀመጣሉ፤ ጧትና ማታ መብራት ይበራል፣ ዕጣን ይታጠናል፣ አበባም ይቀርባል። ማዱራይ ጃስሚን በሚባለው መዓዛው ባማረ ነጭ አበባ የታወቀች ስለ ሆነች ሴቶች ይህንኑ አበባ በክር ሰክተው በጸጕራቸው ላይ ያኖሩታል። ልጆች ወደ ፈተና ሲሄዱ የአያታቸውን እግር ነክተው ምርቃት ይቀበላሉ። በአገራችን ወጣቱ የሽማግሌ ጕልበት ስሞ ሲመረቅ ያየ ሰው የዚህን ነገር ትርጕም ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ማዕዳቸውና ጾማቸው

ምግባቸው ሩዝ ነው። ይሁን እንጂ የእኛን ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ሊጣቸው ነው፤ ሩዝና ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ ይፈጭና ሌሊቱን ሲቦካ ያድራል። ጧት በእንፋሎት ሲበስል «ኢድሊ»፣ በምጣድ ላይ ስስ ሆኖ ሲጋገር ደግሞ «ዶሳ» ይባላል። ዶሳው ከምጣዱ ሲነሣ መዓዛው ትንሽ እንጀራ እንጀራ ስለሚል በመጀመሪያው ወር ናፍቆታችንን እርሱ አስታገሠልን። በበዓል ቀን ማዕዱ በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀርባል፤ የሚበላው በቀኝ እጅ ነው፤ ለእንግዳው «በቃኝ» ማለት አይበቃውም፤ እጁን በቅጠሉ ላይ ዘርግቶ ካልከለከለ በቀር ይጨመርበታል።

ነገር ግን በአንድ ቅጠል ወይም በአንድ ሳሕን ሁለት ሰው አይበላም። የሰው ምራቅ የነካው ምግብ ለሌላው እንደ ርኩስ ይቈጠራል፤ ውሃ እንኳ ሲጠጡ ጽዋውን ከከንፈራቸው ሳያስነኩ ከላይ ያንቈረቍሩታል። እኛ በአገራችን ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ መሶብ ዙሪያ እንደሚቀመጥ፣ ከዚያም አልፎ በፍቅር እንደምንጐራረስ በነገርናቸው ጊዜ የአማ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ሣቁ። ይህን የምናነሣው ለማስደነቅ ብቻ አይደለም፤ ከማን ጋራ ይበላል፣ ከማንስ ጋራ አይበላም የሚለው ነገር ወደ ኋላ የምንናገረው ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው ነው።

ጾምን በተመለከተ ወላጆቻችን ፈርተው የነበረውን ያህል አልተቸገርንም። ሥጋ ፈጽሞ የማይበሉ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው፤ ይሁንና ሂንዱ ሁሉ ሥጋ አይበላም ማለት ስሕተት ነው፤ በታሚል ናዱ ሥጋና ዓሣ የሚበላው ሕዝብ ከማይበላው ይበልጣል። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ይኸውም ሥጋ የማይበሉትም ቢሆኑ እርጎና የተነጠረ ቅቤ በየምግቡ ውስጥ ያገባሉ። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ እንደማንቀምስ በነገርናቸው ጊዜ አማ አልተቀየሙም፤ እንዲያውም እርሳቸው ራሳቸው ጨረቃ በሠረቀች በ11ኛው ቀን «ኤካዳሺ» የሚሉትን ጾም እንደሚጾሙ ነግረውን፡ «የሚጾም ልጅ ያሳደገች እናት ብፅዕት ናት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ለእኛ የሚሆነው ወጥ በዘይት ብቻ ለብቻው ይሠራልን ነበር። ጾማችንን በግልጥ የነገርናቸው በመሆናችን አከበሩልን እንጂ አልናቁብንም። በባዕድ አገር እምነቱን የሚደብቅ ሰው ክብር የሚያገኝ ይመስለዋል፤ እኛ ያየነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ቤተ መቅደሳቸውና እምነታቸው

በማዱራይ መካከል ሚናክሺ የተባለችው ሴት አምላካቸው ቤተ መቅደስ ይገኛል። አብዛኛው ሕንፃ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በናያክ ነገሥታት ዘመን የተሠራ ነው። 14 ማማዎች ያሉት ሲሆን ከሁሉ የሚረዝመው የደቡቡ ማማ ወደ 52 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው፤ ከታች እስከ ላይም በልዩ ልዩ ቀለም በተቀቡ ምስሎች የተሸፈነ ነው። ወደ ግቢው የሚገባ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። ወደ ውስጠኛው ክፍል ግን ሂንዱ ያልሆነ ሰው አይገባም፤ እኛም ወደዚያ ለመግባት አልተመኘንም፤ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ሁሉም ሰው እንደማይገባ እያወቅን ያደግን ሰዎች ይህ ክልከላ አላስቀየመንም። በሚያዝያ ገደማ በሚደረገው በታላቁ የቺቲራይ በዓል ሕዝቡ ረጅሙን ሠረገላ በገመድ እየሳበ በከተማው ሲያዞር መንገዱ በሰው ይሞላል።

ስለ እምነታቸው የክፍል ጓደኞቻችንን በጠየቅን ጊዜ መልሳቸው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ይህም የራሱ ምክንያት አለው። የሂንዱ ሃይማኖት አንድ መሥራች የለውም፤ ሁሉ የሚቀበለው አንድ አንቀጸ ሃይማኖትም የለውም። ቬዳ የሚባሉት እጅግ ጥንታውያን መጻሕፍት አሏቸው። ከሊቃውንቶቻቸው ብዙዎቹ ከሁሉ በላይ የሆነ «ብራህማን» የሚሉት አንድ ህላዌ አለ፤ ልዩ ልዩ አማልክትም የእርሱ መገለጫዎች ናቸው ይላሉ። ሰው ሲሞት ነፍሱ እንደ ሥራው፣ ማለት እንደ «ካርማው»፣ በሌላ ሥጋ ተመልሳ ትወለዳለች ብለው ያምናሉ። እኛ ግን ሁሉን የፈጠረ አንድ አምላክ፣ አንድ ሕይወት፣ አንድ ሞትና አንድ ትንሣኤ እናምናለን። ይህ ልዩነት ጥቂት አይደለም፤ በጨዋነት ስም ልናጠበውም አይገባም። ጫማ ማውለቃችን፣ ዕጣን ማጠናችንና በዓል ማክበራችን ቢመሳሰልም የመመሳሰሉ ነገር በሥርዐት ነው እንጂ በእምነት አይደለም። ልዩነቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወጣት ግን ጎረቤቱን አይፈራም፤ የሚፈራ የራሱን የማያውቅ ነውና።

የጥምቀት በዓላችን ሊደርስ አራት አምስት ቀን ሲቀረው እነርሱ ፖንጋል የሚባለውን የመከር በዓል ያከብራሉ። በዋዜማው አሮጌውን ዕቃ ከቤት ያስወጣሉ፤ በበዓሉ ቀን አዲስ ሩዝ ከወተት ጋራ በአዲስ የሸክላ ድስት በደጅ ይጣዳል፤ ወተቱ ገንፍሎ ሲፈስ ቤተ ሰቡ ሁሉ በደስታ ይጮኻል፤ የዓመቱ በረከት ምልክት ነውና። በማግሥቱ ላሞችና በሬዎች ይታጠባሉ፣ ቀንዳቸው ይቀባል፣ አንገታቸውም በአበባ ያጌጣል። ለላም ያላቸው ክብር ከየት እንደ ሚመጣ የምንረዳው በዚህ ቀን ነው፤ እርሻውን ያረሰው በሬ ነው፤ ወተቱን የሰጠችውም ላም ናት። የአገራችንም ገበሬ በሬውን በስም እየጠራ ያመሰግነዋል እንጂ እንደ ዕቃ አይቈጥረውም።

ከማዱራይ ወጣ ባሉት መንደሮች ደግሞ አንድ እጅግ ያስደነቀን ነገር አየን። አያናር ለሚባለው የመንደር ጠባቂ ነው ለሚሉት አምላካቸው ከሸክላ የተሠሩ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ፈረሶች በዛፍ ሥር ተደርድረው ይታያሉ። እነዚህን የሚሠሩት ቬላር የተባሉ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ በብዙ መንደርም በዚያው በአያናር ቦታ ካህናት ሆነው የሚያገለግሉ እነርሱ ራሳቸው ናቸው። ጭቃ የሚያቦካው እጅ መሥዋዕት ያቀርባል፤ መንደርተኛውም ከእርሱ እጅ ይቀበላል። ይህንም አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ለቅሶና ከበሮ

በሰፈራችን አንድ አዛውንት ዐርፈው ለቅሶ ደረስን። በሐዘን ቤት እሳት አይነድም፤ ምግቡን የሚያመጡ ጎረቤቶች ናቸው። ሬሳው በቀርከሃ ቃሬዛ ላይ በአበባ ተሸፍኖ ወደ ማቃጠያው ስፍራ ይሄዳል፤ በልማዱ ሴቶቹ ከቤት ይቀራሉ። በዚያም የበኵር ልጁ ውሃ የሞላበት የተበሳ እንስራ በትከሻው ተሸክሞ የአባቱን ሬሳ ይዞራል፤ ውሃው እየፈሰሰ ሲያልቅም እንስራውን ሰብሮ ወደ ኋላው ሳያይ እሳቱን ይለኵሳል። እኛ መቃብር የምናከብር፣ ሙታንን ለትንሣኤ በአደራ ለመሬት የምንሰጥ ሰዎች ይህን ማየት ከብዶን ነበር። ነገር ግን የልጁን ፊት ያየ ሰው ሐዘን በሁሉ አገር አንድ መሆኑን ይረዳል።

በዚያ ቀን አንድ ሌላ ነገር ልባችንን ያዘው። በለቅሶው ላይ «ፓራይ» የሚባል ከበሮ የሚመቱ ሰዎች ነበሩ። ሬሳው እስኪወጣ ድረስ በፀሐይ ቆመው መቱ፤ ነገር ግን ከደጃፉ አላለፉም፤ ማንም ከለቀስተኛው መካከል ግቡ አላላቸውም፤ ገንዘባቸውም ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን በመሬት ላይ ተቀመጠላቸው። ምክንያቱን ስንጠይቅ ከበሮው የሞተ እንስሳ ቆዳ ስለ ሆነ የሚመታውም እንደ ርኩስ ይቈጠራል የሚል መልስ አገኘን።

ይህ ካስት የሚባለው የትውልድ ክፍፍል ነው። በመጻሕፍት አራት ታላላቅ ክፍሎች ይነገራሉ፤ በኑሮ ግን በሺህ የሚቈጠሩ ነገዶች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ሥራና የራሱ ጋብቻ ነበረው። ከአራቱ ክፍሎች ውጭ የተደረጉት፣ ዛሬ ዳሊት የሚባሉት፣ ቆዳ የሚያለፉ፣ ጐዳና የሚጠርጉ፣ የሞተ ከብት የሚያነሡ ሰዎች ለብዙ ዘመን ከጕድጓዱ ውሃ እንዳይቀዱ፣ ወደ ቤተ መቅደስም እንዳይገቡ ተከልክለው ኖረዋል። ጋንዲ ይህን ነውር ተቃውሟል፤ በ1921 በዚያው በማዱራይ ከተማ የቀድሞ ልብሱን ትቶ የድኻውን ገበሬ ሽርጥ ለበሰ። የሚናክሺ ቤተ መቅደስም ለእነዚሁ ሰዎች የተከፈተው በ1939 ነው። በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጽ ሰውን እንደ ርኩስ መቍጠርን ፈጽሞ ሽሯል። የዚህን ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ የመራው ዶክተር አምበድካር ራሱ ከእነዚህ ከተናቁት ወገኖች የተወለደ ነበር። በ1989ም በእነርሱ ላይ የሚደረገውን ግፍ የሚቀጣ ሌላ ሕግ ወጥቷል።

ሕግ ግን ከልብ ይቀድማል። ከከተማው ራቅ ወዳለ አንድ መንደር ከአንድ የክፍል ጓደኛችን ጋራ ወደ ቤተ ሰቡ ሄድን። በሻይ ቤቱ ሌሎች በብርጭቆ ሲጠጡ ለጓደኛችን አያት በሚጣል የወረቀት ጽዋ ተሰጣቸው፤ የጠጡትም በደጅ ቆመው ነበር። ጓደኛችን ዝቅ ባለ ድምፅ፡ «በፊት ለእኛ የተለየ ብርጭቆ ነበረ፤ ሕጉ ሲመጣ ያ ቀረ፤ በእርሱ ፈንታ ወረቀት ተተካ» አለን። ጥቂት ዝም ካለ በኋላም፡ «በእናንተ አገር ሁሉ በአንድ መሶብ እንደሚበላ ነግራችሁናል፤ እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የለማ?» ሲል ጠየቀን።

የጓደኛችን ጥያቄ

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ ትሰጡ ነበር? እኛ እውነቱን ነገርነው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው በብዙ ቦታ «ቡዳ» ተብለው እንደሚፈሩና እንደሚናቁ፣ በአንዳንድ አገር ልጃቸውን የሚያገባ እንደሌለ፣ ከእነርሱ ጋራ ማዕድ የማይቈርስ፣ በአንድ ስፍራም የማይቀበር ሰው እንዳለ ነገርነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በዐዋጅ እንደ ተከለከለ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን እንደ ደነገገ፣ ነገር ግን ሴት አያቶቻችን ልጆቻቸውን «ወደዚያ ቤት አትሂዱ» ማለታቸው በየስፍራው እንዳልቀረ ነገርነው። ጓደኛችን ሰምቶ፡ «እንግዲያው የእናንተ መሶብ ለሁሉ አይደለም» አለ። ከዚህ የሚበልጥ ስብከት በሕንድ አገር አልሰማንም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ስናሰላስል ይህን አስተዋልን። በማዱራይ መንደሮች ሸክላ ሠሪው ካህን ነው፤ በእኛ አገር ግን ያው ሸክላ ሠሪ ቡዳ ይባላል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ በመቅደሱ አጠገብ በማሕሌት ይመታል፤ የሚመታውም የተከበረ ሊቅ ነው፤ በእነርሱ አገር ግን ያው ከበሮ መቺውን ከደጃፍ ያስቀረዋል። ጭቃው አንድ ጭቃ ነው፤ ቆዳውም አንድ ቆዳ ነው። በአንዱ አገር የሚያስከብር ሥራ በሌላው የሚያስንቅ ከሆነ ርኵሰቱ በሥራው ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፤ በተመልካቹ ልብ ውስጥ ነበር እንጂ። የከበሮውን ድምፅ ወድደን ቆዳውን ያለፋውን ሰው የምንንቅ፣ በሸክላው ወጥ ሠርተን ሸክላውን የሠራችውን እናት የምንሸሽ ከሆነ ሂንዱውን ለመውቀስ ምን አፍ ይኖረናል?

ንቀት ደግሞ ያለ ዋጋ አይቀርም። ዶክተር አምበድካር የትውልድ ሃይማኖቱ ክብር እንዳልሰጠው ተመልክቶ በ1956 በጥቅምት ወር በብዙ መቶ ሺህ ከሚቈጠሩ ተከታዮቹ ጋራ ወደ ቡድሃ ሃይማኖት ገባ፤ ሁለት ወርም ሳይሞላ ዐረፈ። ያን ሁሉ ሕዝብ ከአባቶቹ ሃይማኖት ያስወጣው የውጭ ሰባኪ አይደለም፤ የገዛ ጎረቤቱ ንቀት ነው። ልጆቻችን ከሃይማኖታቸው እንዳይወጡ የምንጨነቅ ወላጆች፣ በእኛ ንቀት ምክንያት የቤተ ክርስቲያንን ደጅ ለመርገጥ ያፈረ ስንት የሸማኔና የቀጥቃጭ ልጅ እንዳለ አስበን እናውቃለን?

የቶማስ ልጆች

በስተ ምዕራብ የሚያዋስነው ኬረላ የሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። በዚያ የሚኖሩት ክርስቲያኖች ወንጌልን በ52 ዓ.ም. ከመጣው ከሐዋርያው ከቶማስ እንደ ተቀበሉ በትውፊታቸው ይናገራሉ፤ ሐዋርያው በሰማዕትነት ያረፈበት ነው የሚባለው ተራራም በታሚል ናዱ ዋና ከተማ በቼናይ ይገኛል። እኛም ይህን ሐዋርያ ግንቦት 26 ቀን በስንክሳራችን እናስበዋለን። ከእነዚህ ክርስቲያኖች መካከል የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ መንበርዋ በኮታያም ከተማ የሆነው፣ በእምነት ከእኛ ጋራ አንድ ናት፤ ፓትርያርካቸው ካቶሊኮስ ይባላሉ፤ በጥር ወር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የእኅትማማች አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ላይም ተገኝተዋል። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚሁ ከኬረላ የመጡ እንደ ነበሩ አረጋውያን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን ባስቀደስን ጊዜ ምእመናኑ ጫማቸውን አውልቀው፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ሴቶቹም በሌላው ቆመው፣ መጋረጃው ሲገለጥና ዕጣኑ ሲወጣ አይተን ቋንቋውን ሳንሰማ እንባችን መጣ። በብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻቸው የሚበራው ባለ ረጅም እግር የናስ መቅረዝ በሂንዱዎቹም ዘንድ ያለ ነው፤ ልዩነቱ በእነርሱ ላይ መስቀል መኖሩ ነው። በሠርጋቸውም ሙሽራው በሙሽራይቱ አንገት ላይ እንደ ሂንዱዎቹ ልማድ ትንሽ የወርቅ ጌጥ ያስራል፤ በዚያም ላይ መስቀል አለበት። እነዚህ ሰዎች በሂንዱዎች መካከል እጅግ ጥቂት ሆነው ከሺህ አምስት መቶ በላይ ዓመታት ኖረዋል፤ የአገሩን መብራት አብርተዋል፣ የአገሩን ልብስ ለብሰዋል፤ እምነታቸውን ግን አልለወጡም። «ልጄ እንዴት ይኖር ይሆን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ እነርሱም ከካስት ልማድ ፈጽመው አላመለጡም፤ ከተናቁት ወገኖች የተጠመቁት ክርስቲያኖች በነባሮቹ ዘንድ ለብዙ ጊዜ እንደ እኩል ሳይቈጠሩ ቀርተዋል። ይህም የሚያስተምረን ትክክለኛ እምነት መያዝ ብቻ እንደማይበቃና በማዕድ ላይም ሊታይ እንደሚገባው ነው።

እንግዲህ ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሚሸኝ ቤተ ሰብ ሦስት ነገር ቢያስብ መልካም ነው እንላለን። መጀመሪያ፣ ልጁ የሚጾመው፣ የሚሰግደውና የሚያምነው ለምን እንደ ሆነ በራሱ ቃል ማስረዳት እስኪችል ድረስ በቤቱ ይማር፤ «አባቶቼ ስላደረጉት ነው» የሚለው መልስ ድንበር ሲሻገር ይደክማልና። ሁለተኛ፣ ያላወቀውን ነገር ከመንቀፉ በፊት መጠየቅን ይልመድ፤ ስለ ጉንዳኑ የሰማነው መልስ ባንጠይቅ ኖሮ አይገኝም ነበር። ሦስተኛውና ከባዱ ግን የወላጆች ነው፤ ይኸውም ልጁ ከሸክላ ሠሪዋ ወይም ከቀጥቃጩ ልጅ ጋራ ሲጫወት ቢውልና በምሳ ሰዓት እጁን ይዞ ወደ ቤት ቢያመጣው ምን እንደምትሉት አስቀድማችሁ መወሰን ነው። ያን ቀን ከመሶቡ ዙሪያ ፈቀቅ ብላችሁ ለሁለተኛው ልጅ ቦታ የለቀቃችሁለት እንደ ሆነ፣ ልጃችሁ በዓለም ላይ ወደየትም ቢሄድ ይዞት የሚሄድ ሃይማኖት አስተምራችሁታል።